ሳይሸጥ የከረመ ልብስ፦ ከደሴ ስፌት ቤት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ማክሰኞ

ጭነቱ ዛሬ ገባ። ባጃጁ ተመላልሶ ነው ያደረሰው። ግማሹ በማዳበሪያ፣ ግማሹ ከነካርቶኑ። ሁሉም አዲስ ልብስ ነው። ሰልባጅ አይደለም፤ ማንም ለብሶት አያውቅም። የዋጋ ወረቀቱ እንኳ እንደተንጠለጠለ ነው። ፒያሳ የልብስ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ባለፉት ዓመታት ከመርካቶ በጅምላ እያመጡ ሳይሸጥላቸው የቀረ ነው።

ስምምነታችን ቀላል ነው። ሐጂ ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቁ ልብሱን ይሰጡኛል። እኔ ፈትቼ፣ ቆርጬ፣ ሌላ ልብስ አድርጌ እሸጠዋለሁ። ከሽያጩ ሲሶው የሳቸው ነው። የቀረው ለእኔ፣ አብራኝ ለምትሰፋው ልጅ፣ ለክር፣ ለዚፕና ለቤት ኪራይ ይውላል። ወረቀት ላይ አሰፈርነው። ሲፈርሙ «አብሽሪ ልጄ፤ እዚያ ተቀምጦ አይጥ ከሚበላው አንቺ ዘንድ ይሁን» አሉኝ።

ይህን ሥራ ከድሮም እመኘው ነበር። አሁን ግን ሒሳቡም ያስኬዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከውጭ የሚገባው ጨርቅም አብሮ ተሰቀለ። ቀድሞ ልብስ ሰፊ ሱሪ ከሚፈታ አዲስ ጂንስ በሜትር ቢገዛ ይቀለው ነበር። ሐጂ መጋዘን ውስጥ ያለው ጨርቅ ግን በድሮው ዶላር የገባ ነው። ዛሬ በዚያ ዋጋ እንዲህ ያለ ጨርቅ የትም አይገኝም።

ረቡዕ

ዛሬ መቀስ አልነካሁም። ሐጂን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሻይ አስመጣሁላቸውና ልብሱን አንድ በአንድ እያነሣሁ «ይሄ ለምን አልሄደም?» እያልኩ ጠየቅኳቸው።

ያልተሸጠ ልብስን እንደገና መሥራት ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ዲዛይኑን ነው። እኔ የማምነው ሌላ ነው። እያንዳንዱን ልብስ ደንበኛ አንሥታ፣ አገላብጣ፣ መልሳ ሰቅላዋለች። የመለሰችበት ምክንያት አለ። ያንን ምክንያት ሳያገኙ መቁረጥ የማይሸጥ ሌላ ልብስ መሥራት ነው።

ሐጂ ደግሞ አይረሱም። «ይህቺን ስንቷ ለክታ መለሰቻት! እጅጌ የላትማ።» «ይሄኛው ኤክስ ኤል ይላል፤ ሲለበስ ግን ትከሻ ላይ ይይዛል።» «ይሄ ሱሪ ያኔ ቢሆን ይሻሙበት ነበር። አሁን ልጆቹ ሁሉ ሰፊ ነው የሚሉ።» የሚሉትን በወረቀት ፕላስተር ላይ እየጻፍኩ ልብሱ ላይ ለጠፍኩት።

እስከ ምሽት ክምሩ ቅርጽ ያዘ። ትልቁ ክፍል የሴት ቀሚስ ነው። ስስ፣ እጅጌ አልባ፣ ከጉልበት በላይ የሚቀር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል። እንዲህ ያለ ቀሚስ እዚህ ማን ይለብሳል? ከደሴ ሞቅ ከምትለው ኮምቦልቻ ይሸጥ ይሆናል ብለው ሐጂ ልከውት ነበር፤ እዚያም አልሄደም። ነገሩ ብርድ ብቻ አልነበረምና። እዚህ አገር ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ክንድ የሚሸፍንና ረዘም ያለ ልብስ ትፈልጋለች። ለዒድም፣ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለለቅሶም የምትወጣበት። አንዷ ቀሚስ ለሁሉም ካልሆነችላት ገንዘቧን አታወጣም።

ቀጥሎ እግር ላይ የሚጣበቁ ጂንሶች አሉ፤ ፋሽናቸው አልፏል። ከዚያ አንገታቸው 44 እና 45 የሆኑ የወንድ ሸሚዞች፤ ጅምላ ሻጩ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ የሸጣቸው ናቸው። ትከሻቸው በስፖንጅ ያበጠ ኮቶች። ሹራብም አለ። በመጨረሻ ጥግ ላይ የሰው ሠራሽ ቆዳ ጃኬቶች ተከምረዋል።

ዓርብ

ምን እንደያዝኩ መለየት ነበረብኝ። የአንገት ላይ ጽሑፍ አይታመንም። ጥጥ ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ጥጥ አይደለም።

ከስፌቱ ውስጠኛ ትርፍ ላይ ጥቂት ክር እመዛለሁ። በወረንጦ ይዤ ክብሪት አስጠጋለሁ። ጥጥ ወዲያው ይቀጣጠላል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይሸበሸባል፣ ይቀልጣል። ሲበርድ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይቀራል፤ በጥፍር ቢጫኑት አይሰበርም። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ቅይጥ ከሆነ ሁለቱንም ያሳያል፤ ይነድዳል፣ አመዱ ውስጥ ደግሞ የሚቆረቁር ነገር ይገኛል። ይህን መስኮት ከፍቶ፣ አጠገቡ ውኃ አስቀምጦ ነው።

ቀጥሎ ውኃ። ጨርቁ ላይ በክር 20 ሳንቲ ሜትር በ20 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን እሰፋና በሙቅ ውኃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ተኩሼ እለካለሁ። የሚሰበሰብ ከሆነ ከመቁረጤ በፊት ይሰብሰብልኝ። ተለብሶ የማያውቅ ልብስ ታጥቦም አያውቅም። ሁለት ዓይነት ጨርቅ አንድ ላይ ተሰፍቶ በኋላ አንዱ ብቻ ቢሰበሰብ ቀሚሱ ይጨማደዳል።

ጂንሶቹ ላይ ሌላ ፈተና አለ። የሚለጠጥ ጂንስ ውስጥ ያለው የላስቲክ ክር ከዕድሜና ከሙቀት የተነሣ ይደክማል። ሱሪው ሳይለበስ እንደተጣጠፈም ቢሆን። ጭኑ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር አስምሬ ወደ 13 እስበዋለሁ፣ ትንሽ ይዤ እለቀዋለሁ። ወደ ቦታው የተመለሰው ለመቀመጫና ለወገብ ይሆናል። ላልቶ የቀረው አልተጣለም፤ መለጠጥ ለማያስፈልገው የጎን ቁራጭ ይውላል።

የሰው ሠራሽ ቆዳ ጃኬቶቹ ግን ተስፋ የላቸውም። ላያቸው ላይ ያለው ሽፋን ፖሊዩሬቴን ነው፤ ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሐደ በጊዜ ይበሰብሳል። ኮሌታውን ሳጥፈው ተፈረፈረ። እዚህ ላይ ስፌት አይያዝም። ዚፑን፣ ቁልፉንና ገበሩን አወጣሁ፤ የቀረውን ለብቻ አስሬ ለሐጂ መለስኩ። የወጡት ዚፖች ጥሩ ብረት ናቸው።

ሰኞ

የሰኞ ገበያ ቀን ስለሆነ ከተማው ተጨናንቋል። እኛ ቤታችን ተቀምጠን ጂንስ ስንፈታ ዋልን።

መፍታት የራሱ ጥበብ አለው። የጂንስ የውስጥ እግር አብዛኛውን ጊዜ ተጣጥፎ በድርብ የተሰፋ ነው። እሱን አንነካውም፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ጨርቁም ይጎዳል። የውጪው ጎን ግን በኦቨርሎክ፣ ማለትም ጠርዝ በሚጠመጥመው ማሽን፣ የተያዘ ነው፤ በምላጭ ጥቂት ጥቂት እያሉ ቢበጥሱት ይላቀቃል። የጫፉ ቅምቅማትና ወገቡ ደግሞ የሰንሰለት ስፌት ከሆኑ ደስታ ነው። የሰንሰለት ስፌት ከጀርባው ሲታይ ቀለበት ቀለበት ይሠራል። የመጨረሻውን ቀለበት አግኝቶ ትክክለኛውን ክር መሳብ ነው። እስከ መጨረሻው ይተረተራል። ከተሳሳተው ጫፍ ቢስቡት ደግሞ ይጠብቅና አንዲት ስፌት አይለቅም።

አብራኝ የምትሰፋው ልጅ በዚህ ላይ እሳት ናት። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ የአካባቢው ልጅ ስፌት የተማረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላኩ ዕድል ተዘጋ። ከዚያ በፊትም ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም አግኝቷቸው ነበር። እሷም በዚያው ሰሞን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኪስ ብቻ ነበር የምትሰፋው። አንድ ዓይነት ኪስ። ኮሌታ ተክላ አታውቅም፣ ሙሉ ልብስም ቆርጣ አታውቅም። እጇ ግን አይንቀጠቀጥም፤ መስመሯ ቀጥ ያለ ነው።

ያመጣችው ሐሳብ ሥራውን ለወጠው። «እትዬ፣ አንዱን ጀምረን አንዱን አንጨርስ። መፍታቱን ለሁሉም እንፍታ። ከዚያ ሁሉንም እንተኩስ። ከዚያ ሁሉንም እንቁረጥ።» እኔ የለመድኩት ደንበኛ ለክቼ አንድ ቀሚስ ከጥግ እስከ ጥግ መጨረስ ነው። በዚያ አካሄድ ከዚህ ክምር የሚገኘው ትርፍ ጉልበቴን አይከፍልም። ጨርቁ በርካሽ ቢመጣም ሰዓቱ ውድ ነው።

ሐሙስ

ጂንሱ ምን እንዲሆን ወሰንኩ። የተመለሰበት ምክንያት ጥበቱ ነው። ስለዚህ ስፋት ይጨመርበታል፤ ሌላ ቦታው አይነካም።

የሱሪው የውጪ ጎን ከኪሱ ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት ተከፍቷል። እዚያ መሐል ከሌላ ጂንስ የተቆረጠ ረጅም ሦስት ማዕዘን ይገባል። ላይ ጠባብ፣ ታች ሰፊ። ከታች 18 ሳንቲ ሜትር አድርጌዋለሁ። የሦስት ማዕዘኑ መሐል ከጨርቁ ድር ጋር ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ሰያፍ ከሄደ ታጥቦ ሲሰቀል ጎኑ ይወርዳል። ቀለሙ ሆነ ብዬ የተለየ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጣ ያለ፣ ነጣ ያለው ላይ ጥቁር። ለማመሳሰል ቢሞከር ሊቅ ዓይን ልዩነቱን ያያል፤ ያኔ የተጣፈ ይመስላል። ልዩነቱ ከጎላ ግን ፏ ያለ ዲዛይን ነው።

ከዚሁ ጂንስ ሁለተኛው ሥራ ረጅም ጉርድ ቀሚስ ነው። እግሩ ከውስጥ ተከፍቶ ፊትና ኋላው መሐል ሌላ ጂንስ ይገባበታል። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ። እዚህ ይሄ ነው የሚፈለገው። ለዚህ ድርብ ስፌቱን መፍታት ግድ ስለሚሆን የመረጥኩት እግሩ ረጅም የሆነውን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ለሰፊዎች። ድርቡ ስፌት ከሌላ ስፌት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጂንሱ ይወፍራል፤ መርፌው ይዘልላል ወይም ይሰበራል። ቦታውን ጣውላ ላይ አድርጋችሁ በመዶሻ ቀጥቅጡት። ክሩ ይተኛል፣ ይሳሳል። ከዚያ ቁጥር 16 መርፌ አስገብታችሁ፣ ፔዳሉን ትታችሁ የሲንጀሩን ጎማ በእጅ እያዞራችሁ እለፉት። ስፌቱ አንድም አይዘልም።

ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

በሐረጎ ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ዋልኩ። ነጫጭ ሸሚዞቹ ታጥፈው ስለኖሩ እጥፋቱ ላይ ቢጫ መስመር አለባቸው። አንዳንዱ የሱቅ መስታወት ውስጥ ተሰቅሎ ፀሐይ በአንድ ጎኑ በልቶታል። ሳሙና አያስለቅቀውም። ስለዚህ ማቅለም ነው። ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን የተተከለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፤ ቀለም የሚያውቅ ጡረተኛ አይጠፋባትም። በማቅለሚያ ክፍል የኖሩ አንድ አባት አግኝቼ ቁጭ ብዬ ተማርኩ።

ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ለጥጥ የሚሆነው ቀለም ከክሩ ጋር ተዋሕዶ የሚይዝ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ጨው ይገባል፤ ጨው ቀለሙን ከውኃው ወደ ክሩ ይገፋዋል። ክሩ ቀለሙን ከጠጣ በኋላ የማጠቢያ ሶዳ ይጨመራል፤ የሚያስረው ሶዳው ነው። ሶዳው ቀድሞ ከገባ ቀለሙ ክሩን ሳያገኝ ከውኃው ጋር ይባክናል። ፖሊስተር ይህን ቀለም አይቀበልም። የራሱ ቀለም አለው፤ እሱም በደንብ እንዲይዝ 130 ዲግሪ ያህል ሙቀት በታሸገ ዕቃ ውስጥ ይፈልጋል። በድስት የሚሞከር አይደለም። «ቅይጥ ከሆነ ጥጡ ይጠጣል፣ ፖሊስተሩ ይቀራል። አቧራ የመሰለ ቀለም ይወጣልሻል» አሉኝ።

ይህን ሰምቼ ዓርብ በክብሪት የለየሁት ዋጋው ገባኝ። ንጹሕ ጥጥ የሆኑትን ብቻ ወደ ማቅለሙ ወሰድኩ። ቅይጦቹ ለውስጥ ገበርና ለኪስ ይሆናሉ፤ እዚያ ቢጫ መስመር ማንንም አይረብሽም።

ማክሰኞ

ጥቁር ሰማያዊና የሸክላ ቀለም ነከርን። ሸሚዞቹ ሲደርቁ የጠበቅኩት ነገር ታየ። የተሰፉበት ክር ፖሊስተር ስለሆነ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። የኮሌታው ዙሪያ፣ የኪሱ ጠርዝ፣ የቁልፍ ቀዳዳው ሁሉ በነጭ መስመር ተከብቦ ወጥቷል። ጥቁሩ ሰማያዊ ላይ በተለይ ያምራል። ሆን ተብሎ ተመርጦ የተሰፋ ነው የሚመስለው። አብራኝ ያለችው ልጅ አንዱን ወስዳ ነጠላዋ ላይ ደረበችውና «ይሄማ የእኔ ነው» አለች። ሰጠኋት።

ኅዳር፣ ረቡዕ

ቀሚሶቹ። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ሥራ ነበር፤ ብዛታቸው ትልቅ ነው።

ያልተሸጡበት ምክንያት እጅጌና ርዝመት ነው። ሁለቱም የሚመጡት ከትልልቆቹ ሸሚዞች ነው። በሁለት ምክንያት የተመለሱ ሁለት ልብሶች አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። ሸሚዙ ተረፈ ብሎ ተመለሰ፤ ቀሚሱ አነሰ ብሎ።

ግን የወንድ ሸሚዝ እጅጌን ነቅሎ ቀሚስ ላይ መትከል አይሆንም። የሸሚዝ እጅጌ አናቱ ዝቅ ያለ፣ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው፤ ሰፊ ብብት ላይ ተዘርግቶ የሚቀመጥ። የቀሚሱ ብብት ጠባብና ክብ ነው። ቢተከል ብብት ሥር ጨርቅ ይከመራል፤ ትከሻ ላይ ይጎትታል። ስለዚህ እጅጌውን ከብብት ስፌቱ ከፍቼ ጠፍጣፋ አድርጌ ዘረጋሁት። ጎኑን አጠበብኩ፣ አናቱን ከፍ አድርጌ ቀረጽኩ። የቀሚሱን ብብት ዙሪያ በሜትር ጫፍ አቁሜ ለካሁ፤ የእጅጌው አናት ከዚያ በ2 ሳንቲ ሜትር እንዲበልጥ አደረግኩ። ያቺ ትርፍ በላላ ስፌት ትንሽ ተሰብስባ ስትገባ ክንድ እንደ ልብ ይነሣል። የእጅጌውን ጫፍ ግን አልነካሁትም። ቁልፉ፣ ቀዳዳው፣ ድርቡ ሁሉ ተሰፍቶ ያለቀ ነው።

ይህ ለእኔ መመሪያ ሆኗል። በልብስ ላይ ብዙ ሰዓት የፈጀው ክፍል የትኛው ነው? የኮሌታ ጫፍ፣ የቁልፍ ቀዳዳ፣ የሱሪ ዚፕ፣ የኮት ኪስ። እነሱን እጠብቃለሁ። መቀሱ የሚሄደው ጠፍጣፋው ጨርቅ ላይ ነው። ይህን ሥራ ከዜሮ ለመሥራት ብሞክር የአንድ ኮሌታ ሰዓት የቀሚሱን ትርፍ ይበላዋል።

ለርዝመቱ የሸሚዙን አካል ከብብት በታች አግድም ቆረጥኩ። ከነቁልፍ መደዳው። ይህ በቀሚሱ ጫፍ ሽንሽን ሆኖ ይገባል። የሽንሽኑ ጨርቅ ከቀሚሱ ጫፍ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ከሆነ ይበቃል፤ ሁለት እጥፍ ከሆነ ስሱን ቀሚስ ይጎትተዋል። የቁልፍ መደዳው በግራ ጎን ይወርዳል። ለመራመድ የፈለገች ከታች ጥቂቱን ትከፍታለች፤ ያልፈለገች ትቆልፈዋለች።

ለደሴ ብርድ ውስጡ ላይ ከቅይጦቹ ሸሚዞች ገበር ገባበት። ለኮምቦልቻ የሚላከው ያለ ገበር ነው።

ሰኞ

መብራት ሄደ። በከሰል ካውያ ተኮስን። ኮቶቹን ለዛሬ ያስቀመጥኳቸው በእጅ መፍታት ስለሚበዛባቸው ነው፤ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም።

ኮቱ ሰደርያ ይሆናል። እጅጌው ይወጣል፣ የትከሻው ስፖንጅ ይወጣል፣ ትከሻው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ብብቱ ከሸሚዝ በተቆረጠ ሰያፍ ጥብጣብ ይከበባል። ኪሶቹ እንዳሉ ይቀራሉ። ካውያ ስታስነኩ ግን ተጠንቀቁ። በእነዚህ ኮቶች ደረት ውስጥ በሙጫ የተለጠፈ ማጠንከሪያ ጨርቅ አለ። ሙጫው አርጅቶ ከሆነ ሙቀት ሲያገኝ ይለቅና ላዩ አረፋ አረፋ ያወጣል። መጀመሪያ ከማይታየው ከውስጠኛው መታጠፊያ ላይ፣ በመሐል እርጥብ ጨርቅ አድርጎ መሞከር ይገባል። አረፋ ያወጡትን ለሰደርያ አልተጠቀምኩም፤ ማጠንከሪያውን ሙሉ በሙሉ ላጥኩና ጨርቁን ለቦርሳ ቆረጥኩት።

ስሳሳ ሹራቦቹ ደግሞ የሕፃን ሱሪ ሆኑ። የአንድ ሹራብ ሁለት እጅጌ ሁለት እግር ነው። የእጅጌው ጫፍ የሚለጠጥ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት ላይ ይይዛል። መሐሉ ተሰፍቶ ወገቡ ላይ አዲስ ላስቲክ ሲገባ ያልቃል። ፈጣን ሥራ ነው፤ የደሴ እናት ደግሞ ይህን አይታ አታልፍም።

ታኅሣሥ፣ ከገና በፊት

መሸጥ ጀመርን። ግማሹ በሐጂ ሱቅ፣ ግማሹ ኮምቦልቻ አንዲት እህት ጋ።

መጀመሪያ የገባች ሴት የጂንሱን ጉርድ አንሥታ ገለበጠችው። ውስጡን ነው ያየችው። ከዚያ ቀና ብላ «ድሪቶ መስሎኝ ነበር። ውስጡ ንጹሕ ነው» አለች። ለክታ ወሰደችው። ይህን ጠብቄ ነበር ውስጡን ሁሉ ያስጠረዝኩት። በቁርጥራጭ የተሠራ ልብስ ላይ ገዢ ሁሉ የሚፈራው ያንን ነው። የተንጠለጠለ ክር፣ የተበጫጨቀ ጠርዝ ካገኘች አትገዛም። ንጹሕ ከሆነ ግን የተለያየው ቀለም ጌጥ ይሆናል። ውስጡን በሸሚዝ ጥብጣብ ማስጠረዝ ሰዓት ይጨምራል፤ ከዚህ ሰዓት ላይ ግን አልቀንስም።

ቀሚሶቹ ከጠበቅኩት በላይ ሄዱ፤ በተለይ የሸክላ ቀለም እጅጌ ያላቸው። ሰደርያዎቹ ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው። ወንዶቹ ይለኩታል፣ መስታወት ፊት ይቆማሉ፣ «ሙሉ ልብስ የለውም?» ይላሉ። ሴቶች ግን ረጅም ቀሚስ ላይ ሊደርቡት ጀምረዋል። የሚቀጥለውን በሴት ልኬት እቆርጣለሁ፤ ወገቡን ገባ አድርጌ።

አንድ የሐጂ ወዳጅ «ፈረንጆቹ ያልተሸጠውን ምን ያደርጉታል?» አለኝ። ነገርኩት። የእንግሊዙ በርበሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ሪፖርት በአንድ የበጀት ዓመት ብቻ 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ያልተሸጠ ዕቃ አጥፍቷል፤ ቁጣው ሲበዛ በዚያው ዓመት እንደሚያቆም አስታወቀ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ትልልቅ ድርጅቶች ያልተሸጠ ልብስና ጫማ እንዳያጠፉ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል፤ ሥራ ላይ የሚውለው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ነው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «አዲስ ልብስ ያቃጥላሉ? ወላሂ ግፍ ነው» አለ። እኔም ከልቤ ግፍ ነው እላለሁ። አንድ የጥጥ ቲሸርት ከእርሻው ጀምሮ 2,700 ሊትር ያህል ውኃ እንደሚወስድ ይገመታል። የገበሬውን ጉልበትና የሰፊዋን ዓይን ስንጨምርበት እሳት ውስጥ የሚገባው ብዙ ነው።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ከሐጂ ጋር ተሳሰብን። ሲሶአቸውን ቆጥረው ተቀበሉ። መጋዘኑ ግማሽ ባዶ ሆኗል፤ ግማሹን ለሽንኩርት ነጋዴ አከራይተውታል። ገንዘቡን ካስቀመጡ በኋላ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። መርካቶ ሊወርዱ ነው። «በጅምላ ስገዛ የትኛውን ልተው?» አሉ። ያንን ፕላስተር ላይ የጻፍኩትን ሁሉ በደብተር ገልብጬው ነበር፤ ሰጠኋቸው። የሰው ሠራሽ ቆዳ ይቅር፤ ቢከርም መልሶ መሥራት አይቻልም። ቀሚስ እጅጌ ያለው ይሁን። ቅይጥ ሸሚዝ ከሚበዛ ንጹሕ ጥጥ ትንሽ ይሁን፤ ባይሸጥ እንኳ ይቀለማል። ካልሸጡት እኔ ጋ የሚመጣ ስለሆነ ምርጫው የእኔም ጉዳይ ነው።

አጠገባቸው ያለ ሱቅ ደግሞ የተማሪ ደንብ ልብስ ሹራብ ይዞ ተቸግሯል። ትምህርት ቤቱ ቀለም ቀየረና ሁሉም አረንጓዴ ሹራብ እጁ ላይ ቀረ። ዛሬ ሄጄ አየሁት። ክሩ ግማሽ አክሪሊክ ነው፤ አይቀለምም። የተመለሰበት ምክንያት ግን ቀለሙ አይደለም፤ ደረቱ ላይ የተጠለፈው የትምህርት ቤቱ ዓርማ ነው። ዓርማው ከተሸፈነ አረንጓዴ ሹራብ ለማንም ይሆናል። ከጂንሱ ተራፊ የደረት ኪስ ቆርጬ ልሸፍነው አስቤያለሁ፤ ኪሱን ደግሞ የምትሰፋው ልጅ አለችኝ። ለሹራብ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ያስፈልጋል፤ ሹሉ መርፌ ክሩን ይበጥሰዋል። ነገ ጠዋት ገዝቼ በአንዱ ላይ እሞክረዋለሁ።